የዘመድ መርፌ

ይድረስ ለእህቴም ለአሳዳጊዬም ለእትዬ አጸደ፣ መሐል ሜዳ።

እትዬ፣ ከጥምቀቱ ውርጭ እንዴት ወጡ? ጉልበትዎ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ይችላል ወይስ አሁንም መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልገው ያርፋሉ? የጋሽ ሣህሉ ዓይን ሞራው ከተገፈፈ ወዲህ እንዴት ነው? ማንበብ ከጀመሩ በየጋዜጣው ስሕተት እየለቀሙ ቤቱን እንደማያስቀምጡት አውቃለሁ፤ እኔም የሳቸው ብጤ ነኝና አይቆጧቸው። ልጅዎ ናርዲ እንዴት ናት? ሆዷ ገፋ? ባሏ ኤልያስ የገብሱን ውቂያ አጠናቀቀ? የእናንተን ደኅንነት ስሰማ ግማሽ ጭንቀቴ ይቀለኛል።

እኛ እዚህ ጅማ አለን። ወርቂቱ መሄድ ብቻ ሳይሆን መቆጣትም ጀምራለች፤ ይህ በእኛ ቤት የጤና ምልክት ነው። ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን ከመንደራ ቆጪ ተነሥታ ጊንጆ ያለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ ያለ ባጃጅ በእግሯ ደርሳ ተመልሳለች። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋት ልታስጠብባቸው ነው የሄደችው። ዐሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሳለች። ገምቼ አይደለም፣ መዝኛት ነው።

ዕቃውን ያስያዙት ጣሰው በከተራ ዕለት ደረሰ። ማሩ፣ በሶው፣ ለወርቂቱ ያሠሩላት ጋቢ ሁሉም እጃችን ገብቷል፤ እጅዎ ይባረክ። ከበሶው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉትን የአሞክሳሲሊን ፍሬዎችም አግኝቻቸዋለሁ፤ ስለ እነሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከዚያም ስልኩን ጆሮዎ ላይ ስለዘጋሁት ይቅር ይበሉኝ። ያደግሁት እጅዎ ላይ ነው፤ እንዲያ ማድረግ አልነበረብኝም። ይቅርታዬ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ስለ ድምፄ እንጂ ስለተናገርኩት ነገር ይቅርታ አልጠይቅም።

«አቤቱታውን ሳበው» ብለው ጽፈውልኛል። «ሩሐማ የክርስትና ልጄ ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ከውሃው የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔ ነኝ። የድሀ ልጅ ተምራ ዶክተር ብትሆን የራሷ ሰው እንጀራዋን ይዝጋባት?» ብለዋል። «ሚስትህ ድና የለም ወይ፤ ከዚህ በላይ ምን ፈለግህ?» ብለዋል። እትዬ፣ አልስበውም። ከሩሐማ እናት የሰሙት ግማሹን ስለሆነ ሌላውን ግማሽ እኔ ልንገርዎ። ከዚያ ከፈረዱብኝም ሙሉውን ሰምተው ይፍረዱብኝ።

የወርቂቱ የሐሞት ጠጠር በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ሲወሰን ደውለው «ልጄ እዚያ እያለች ሌላ ቦታ እንዳትወስዳት» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔም የማስበው ያንኑ ነበር። ሩሐማ እዚህ ሕክምና ስትማር ቅዳሜና እሑድን እኛ ቤት ነበር የምትውለው፤ ለፈተና ስታጠና እንቅልፍ እንዳይጥላት ወርቂቱ አጠገቧ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ስለዚህ ወደ እሷ ሄድን። የሆስፒታሉን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ማወቅ የሚገባው ክፍል ያውቀዋል። ቀዶ ሕክምናው ማክሰኞ ኅዳር 3 ቀን ተደረገ፣ ያማረ ነበር። ሩሐማ ወርቂቱ ከመቀደዷ በፊት አንድ መርፌ እንደተሰጣት፣ እሱም እንደሚበቃት፣ ቁስሉ ንጹሕ እንደሆነና በሦስተኛው ቀን ቤቷ እንደምትገባ ነገረችኝ።

ችግሩ የጀመረው ከእኔ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ የሩሐማ እናት አልነገሩዎትምና።

ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው። ወርቂቱ ሁለተኛው ላይ ተኝታለች። ሦስተኛው ላይ ወይዘሮ ባህሪያ የሚባሉ ከሰርቦ የመጡ ሴት ነበሩ፤ በስኳር ሕመም እግራቸው ቆስሎባቸው ነው። የምታስታምማቸው ልጃቸው ነጅላ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው፣ ምላሷ ግን የትልቅ ሰው ነው። ከተዋወቅን ሰዓት ሳይሞላን ሥራዬን ጠየቀችኝ። ቡና ቀማሽ፣ የጥራት መርማሪ ነኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ወላሂ እርስዎ ነዎት! ዐምና የአባቴን ቡና ‹ይሸታል› ብለው ከነጆንያው የመለሱት ረጅሙ ሰውዬ!» ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችብኝ። እናቷ ከአልጋቸው ሆነው «ተይ ነጅላ፣ ማሎ! ቡናው እኮ እውነትም ይሸት ነበር፤ አባትሽ ሳይሸፍነው ዝናብ መታው» አሉ። ያን ቀን ጎረቤት ሆንን። ነጅላ ከቤት ያመጣችውን ትኩስ አጥሚት ምግብ በተፈቀደላት ቀን ለወርቂቱ ቀድታላታለች። እኔ ለወይዘሮ ባህሪያ ትራሳቸውን ከፍ አድርጌላቸዋለሁ።

በዚያ ክፍል ጠዋትና ማታ መርፌ ይዞራል። ነርሷ ትሪዋን ይዛ ከመጀመሪያው አልጋ ትነሣና ወርቂቱን ዘልላ ወደ ሦስተኛው ትሄዳለች። ይህ ነገር ውስጤን በላው። የሌላው ሰው ሚስት ሁሉ መድኃኒት እያገኘች የእኔዋ በዘመዷ እጅ ተረሳች ብዬ አሰብኩ። ሩሐማን ኮሪደር ላይ፣ ነርሱም አስታማሚውም እየሰማ ያዝኳት። «ለባዕድ የምትሰጪውን ለቤትሽ ሰው ትነፍጊያለሽ? በማን ማዕድ ነው ያደግሽው?» አልኳት። «ጋሼ ዘለቀ፣ አያስፈልጋትም እኮ፤ ሳያስፈልግ ሲሰጥ ደግሞ ሆድን...» ስትል አላስጨረስኳትም። «የመጣነው አንቺ ስላለሽ ነው፤ ጠንካራውን እዘዢላት፤ አለዚያ አሁኑኑ ለእትዬ አጸደ እደውላለሁ» አልኳት። አዎን እትዬ፣ ስምዎን ጠርቼ ነው ያስፈራራኋት። አንገቷን ደፋች። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን አዘዘች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ክፍሉ ገባሁና ወርቂቱን «ዘመድ ማለት ይህ ነው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ልትገባ የነበረች ሴት እንግዲህ መርፌዋን ለመጨረስ ሆስፒታል ቀረች። ሩሐማ በዚያው ሳምንት ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሄደች።

ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን የወርቂቱን ሆድ ቁርጠት ያዘው። እስከ ማታ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተቀመጠች፤ ውሃ ነው፣ ንጹሕ ውሃ። ትኩሳቷ ወጣ። ተረኛው ሐኪም መጥቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከቤት ምን አበላችኋት?» የሚል ነበር። የበግ መረቅ አልኩ። «በቃ እሱ ነው፤ ከውጭ ምግብ እንዳይገባ» አለና መርፌው እንዲቀጥል፣ በላዩ ላይ ሌላ አንቲባዮቲክ እንዲጨመርበት አዞ ወጣ። መረቁን እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ እኔን ምንም አላለኝም። ይህንን ነግሬው ነበር። መልስ የሰጠኝ ጀርባው ነው።

እትዬ፣ እኔ ሃያ ስምንት ዓመት በአፍንጫዬ ነው እንጀራ የበላሁት። ናሙና ሲቀርብልኝ ከአንድ ሲኒ ውስጥ አንዲት የገማች ፍሬ ካለች አገኛታለሁ። ያ ተቅማጥ የሚሸተው እንደ ሌላ ተቅማጥ አልነበረም፤ ጣፈጥ ብሎ የሚከረፋ፣ ከልብስ የማይለቅ ሽታ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ኅዳር 11፤ ሽታው የተለየ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም ዝም አልኩ። አንደኛ ነገር ስለ ሚስቴ ዐይነ ምድር በሰው ፊት መናገር አፈርኩ። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከፋ ነው። «ይህ ከመርፌው ይሆን?» ብዬ ብጠይቅ «መርፌውን ማን አሳዘዘው?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። እንደ እኔ ያለ፣ በሰው ሥራ ላይ ነጥብ ሲቀንስ የኖረ ሰው፣ ራሱ ላይ እንዳይቀነስበት አራት ቀን አፉን ዘጋ።

ለስድስት ሴቶች የነበረው ፖፖ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ በወርቂቱና በወይዘሮ ባህሪያ አልጋ መካከል ነበር የሚቀመጠው። የቧንቧው ውሃ ጠዋት ይሄድና ከሰዓት በኋላ ነው የሚመለስ። እስከዚያ ድረስ ፖፖው ከበርሜል በተቀዳ አንድ ጣሳ ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል፣ ያለ በረኪና። ግድግዳው ላይ የእጅ ማጽጃ ጄል ተሰቅሏል፤ እኔም በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እጄን በሱ እያሸሁ ንጹሕ የሆንኩ መስሎኝ የወይዘሮ ባህሪያን ትራስ አስተካክል ነበር። ሲስተር ሳቢሪን የምትባል ነርስ አየችኝና ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ ያ ጄል የዚህን ተቅማጥ ዘር አይገድለውም፤ በሳሙናና በውሃ ነው ታጥቦ የሚለቀው» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ተሰቀለ?» አልኳት። «ለሌላው ይሠራል፤ ለዚህ አይሠራም። ለዋርድ ኃላፊው ተናግሬያለሁ፤ ‹አንቺ ሐኪም ነሽ?› አለኝ» አለች። ያቺ ልጅ የምታውቀውን ያህል የሚሰማት ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን ወይዘሮ ባህሪያን ጀመራቸው።

በዚያው ዕለት ሩሐማ ከአዲስ አበባ ገባች። ሻንጣዋን እንኳ ቤቷ ሳታደርስ ነው ወደ ክፍሉ የመጣችው። በሩ ላይ ቆመች፣ ሽታው አፍንጫዋ ሲደርስ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ካርዱን አገላበጠች። መርፌውንም የተጨመረበትንም መድኃኒት ወዲያው አስቆመች። ወርቂቱን ብቻዋን ሌላ ክፍል አስገባቻት፤ ለሁለቱም ለየብቻቸው ፖፖ አስመጣች፤ በረኪና አስገዝታ ወለሉንና የአልጋውን ብረት ራሷ ቆማ አሳጠበች፤ በአፍ የሚወሰድ ሜትሮኒዳዞል ጀመረችላት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ፣ እኔ በጮኽኩባት በዚያው ቦታ፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በሰው አንጀት ውስጥ የሚጠቅሙን ተሕዋስያን አሉ። ጠንካራ መድኃኒት ሲገባ ጠላቱንም ወዳጁንም አብሮ ይጠርጋል። ያን ጊዜ መድኃኒቱን የማይፈራ አንድ ክፉ ዘር ባዶውን ቤት ያገኝና ይራባል፣ መርዝ ይረጫል። ሆስፒታል ደግሞ ብዙ ሰው ብዙ መድኃኒት የሚወስድበት ቦታ ስለሆነ ያ ዘር በዕቃና በእጅ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሻገራል። ይህን ስትነግረኝ «ያን ቀን ልነግርዎት ነበር» አላለችም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ወርቂቱ ስምንት ቀን በጉሉኮስ ቆየች። አንድ ቀን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ «ዘለቀ፣ ዘመድ ማለት ይህ ነው?» አለችኝ። እየቀለደች ይሁን እየረገመችኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም። የወይዘሮ ባህሪያ ግን ከበደ። የእግራቸው ቁስል በእውነት አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ነበርና እንደ ወርቂቱ ሁሉንም አስቁሞ መገላገል አልተቻለም። ሩሐማ መድኃኒቱን ብትለውጥላቸውም ሰውነታቸው አልቆመም። እሑድ ኅዳር 22 ቀን ጠዋት ዐረፉ። ነጅላ የእናቷን ሻሽ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፣ ለወርቂቱ የተረፈውን አጥሚት በቴርሞሱ ትታላት ወጣች።

ከዚያ ማንም ለቤተሰቡ ምንም አልነገረም። ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው የስኳር ሕመምና የእግር ቁስል ብቻ ነው። የዋርድ ኃላፊውን ቢሮው ገብቼ ለምን አልተነገራቸውም አልኩት። «ያ ተሕዋስ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምርመራ እዚህ የለም፤ ያልተረጋገጠ ነገር አውርተህ በሰው ሆድ እሳት አትጣል» አለኝ። «ያልተረጋገጠ ከሆነ ‹ጠርጥረናል› ብላችሁ ጻፉ» አልኩት። «ሚስትህ ዳነች አይደል?» አለኝ። እትዬ፣ ያን ቀን በስልክ ያሉኝ፣ በደብዳቤም የደገሙልኝ ቃል ከሱ ቃል ጋር አንድ ሆኖ ሳገኘው ነው ስልኩን የዘጋሁት።

አቤቱታውን ታኅሣሥ 14 ቀን አስገባሁ፤ አንዱን ለሆስፒታሉ፣ አንዱን ለሚመለከተው የጤና ክፍል። የሩሐማ እናት ምን እንደነገሩዎት አላውቅም፤ የመጀመሪያው ገጽ ግን ስለ ሩሐማ አይደለም። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ዘለቀ፣ የታካሚዋ ባለቤት፣ ሐኪሟ አያስፈልግም ያለችውን መርፌ በዝምድና ተጭኜ አሳዝዣለሁ። ሽታውን አውቄ አራት ቀን ዝም ብያለሁ።» ሁለተኛው ገጽ ሐኪሟ አይሆንም ማለት ሲገባት እሺ እንዳለች ይናገራል፤ እውነት ነውና ጻፍኩት፣ ተመልሳ ያደረገችውን ሁሉ ደግሞ ከሥሩ ጻፍኩ። የቀረው ስለ ውሃው፣ ስለ ሁለቱ ፖፖዎች፣ ተቅማጥ ሲመጣ መድኃኒቱን ሳይመረምር ሌላ ስለጨመረው ሐኪም፣ አፏን ስለተዘጋችው ነርስ ነው። ለወይዘሮ ባህሪያ ቤተሰብ የሚታወቀውም የማይታወቀውም በግልጽ ይነገራቸው ብያለሁ። በሽታው ከወርቂቱ ተላለፈባቸው አላልኩም፤ አላውቅም፣ ማንም ማወቅ አይችልም፣ እሳቸውም የራሳቸውን መርፌ ሲወስዱ ነበር። የጻፍኩት ቀኖቹን ነው። ቀኖቹ ግን በየትኛውም በኩል ቢያነቧቸው እኔን አያስተኙኝም።

መልስ ስጠብቅ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጥር 3 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ራሴ ተነሥቼ ሰርቦ ሄድኩ። ነገሩን ወረቀት እስኪያደርስልኝ መጠበቅ ፈሪነት መሰለኝ። የወይዘሮ ባህሪያ ባለቤት አባ ዲጋ በራቸው ላይ ቡና እየለቀሙ ነበር፤ ሲያዩኝ «ደግሞ ልትመልስብኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ መርፌው፣ ስለ ፖፖው፣ ስለ ዝምታዬ። ሳቃቸው ቆመ። የለቀሙትን ፍሬ ከእጃቸው አስቀመጡና «ቀኗ ነው፤ ረቢ የጻፈው ነው። አንተ ግን መጥተህ ነገርከኝ፤ ሌላ ማን መጣ?» አሉ። ውሃ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ።

ነጅላ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ውሃውን ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ የአባቴን ቡና በአንዲት በገማች ፍሬ ምክንያት ከነጆንያው መልሰዋል። እናቴ አጠገብ ሲሸትዎ ግን ዝም አሉ» አለችኝ። ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩ። አቤቱታው ላይ እንድትፈርም ጠየቅኋት። «የእርስዎን ወረቀት አልፈርምም፤ ካስፈለገኝ የራሴን እጽፋለሁ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ልክ ናት። እንድትምረኝ አልሄድኩም፤ ባትምረኝም መሄድ ስለነበረብኝ ነው የሄድኩት።

አሁን ወደ ክርስትና ልጅዎ ልምጣ። አቤቱታውን ካስገባሁ ወዲህ ሩሐማ ስልኬን አታነሣም ነበር፤ ተቀይማኛለች ብዬ ደምድሜ ነበር። ልክ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጣሰው እኛ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ በሩን አንኳኳች። ወርቂቱን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ «ወረቀቱን ያሳዩኝ» አለችኝ። ቅጂውን ሰጠኋት። ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች፤ እኔ እንደ ተፈታኝ ፊቷ ቆሜያለሁ። ቀና ብላ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለችኝ። አሁን መጣ አልኩ በልቤ። «መርፌው የተጀመረው ሐሙስ ኅዳር 5 ብለዋል። ረቡዕ ኅዳር 4 ነው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ አውቀዋለሁ» አለች። እስክሪብቶ ጠየቀችኝ፣ ቀኑን ሠርዛ አረመች። ከዚያ ከእኔ ፊርማ ሥር ሙሉ ስሟን ከነማዕረጓ ጽፋ ፈረመችበት።

«እንጀራሽስ?» አልኳት፤ የእርስዎን ቃል ነው የደገምኩላት። «ያን ቀን እርስዎን ፈራሁ፤ መፍራት የነበረብኝ ስለ እሷ ነበር» ብላ ወደ ወርቂቱ አመለከተች። «ዛሬም እርስዎንና እትዬ አጸደን ፈርቼ ዝም ካልኩ ነገ ሌላው መጥቶ የአጎቱን ስም ይጠራብኛል፤ እኔም እጽፍለታለሁ» አለች። ልትወጣ ስትል ደግሞ «እትዬ አጸደ ይቀየሙኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እርስዎ ይመልሱላት። የታረመውን ቅጂ ሰኞውኑ አስገብተናል። ውሃው እንዲስተካከል፣ ፖፖ ለየአልጋው እንዲሆንና ሐኪም በዘመድ ጫና መድኃኒት እንዳይጽፍ እስኪወሰን ድረስ ከዚያ ቢሮ በር ላይ አልጠፋም። አሰናብተውኝ ከወጣሁ ተመልሼ እገባለሁ። በሥራዬም በሰው ፊት ክፉ ሰው ተብዬ ነው የኖርኩት፤ አሁን ለምን ደግ እባል ብዬ እጨነቃለሁ?

ስለዚህ እትዬ፣ አሁን አቤቱታው የኔ ብቻ አይደለም። «ሳበው» የሚሉት እኔን ብቻ ሳይሆን በሰማንያ ቀኗ ከውሃው የተቀበሏትን ልጅ ነው። እሷን ከቻሉ ይጠይቋት።

ከበሶው ሥር የላኩልንን ፍሬዎች ጣሰው ይዞልዎት ይመለሳል። «ለወርቂቱ ማጠናከሪያ» ብለው የጻፉበትን ወረቀትም አልቀደድኩትም። ከፍቅር እንደላኩት አውቃለሁ፤ እኔም ያን መርፌ ያሳዘዝኩት ከፍቅር ነው። ከጋሽ ሣህሉ ዓይን የተረፈ መድኃኒት የወርቂቱን አንጀት አያጠናክርም። ዐሥራ አራት ነበሩ፣ ዐሥራ አራት ናቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያው ወስደው ይስጡልኝ፣ ሳጥንዎ ውስጥ መልሰው እንዳያስቀምጧቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ናርዲ በመጋቢት ትወልዳለች። አዋላጇ ያስተማሯት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የማኅበርተኛ ልጅ መሆኗ አይቀርም፤ በመሐል ሜዳ ያላስተማሩት ማን አለ? እትዬ፣ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ለልጄ ጠንካራውን ስጧት» እንዳይሉ። «ያስፈልጋታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። «አያስፈልጋትም» ካለችዎት ግንባሯን ስመው ይመኗት። ከዚያ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ይግቡና ሕፃኑን ያቅፉልኝ።

ለጋሽ ሣህሉ በጉልበታቸው ሰላም ብያለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ላይ ስሕተት ካገኙ በቀይ አስምረውበት ይላኩልኝ። ለናርዲ፣ አጎትሽ ወደ ኋላ ተመልሶ የማያርመው አንድ ሥራ አለው፣ አንቺ ግን አይዞሽ በሏት። ለኤልያስ፣ ሚስትህን ወደ ሆስፒታል ስትወስድ ሳሙና ያዝ በሉት። ወርቂቱ ጋቢውን ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ «ጋቢው ልክ ነው፤ መጥበብ አላስፈለገውም ብለህ ጻፍላቸው» ትላለች።

ታናሽ ወንድምዎ
ዘለቀ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.